ከመስመሩ በታች ያለው ቁጥር፦ አሽቀሎንና የወረርሽኝ ቆጠራ

በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 5 እና 6 የሚገኘው ታሪክ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ፍልስጥኤማውያን ታቦተ ጽዮንን ማርከው ወሰዱ፤ በደረሰችበት ከተማ ሁሉ እባጭ ሕዝቡን መታው፤ በመጨረሻ ጨንቋቸው ሲመልሷት አምስት የወርቅ እባጭና የወርቅ አይጦች አብረው ላኩ። እባጮቹ በከተማ የተመደቡ ናቸው፤ ለአዛጦን አንድ፣ ለጋዛ አንድ፣ ለአስቀሎና አንድ፣ ለጌት አንድ፣ ለአቃሮን አንድ። ልብ ያለው አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ነገር ያስተውላል። በዕብራይስጡ ጽሑፍ ታሪኩ ታቦቷ ወደ አዛጦን፣ ወደ ጌትና ወደ አቃሮን እንደተወሰደች ሲተርክ፣ አስቀሎና ስለ መግባቷ ግን ምንም አይልም። እንዲያም ሆኖ አስቀሎና ከሌሎቹ እኩል ከፍላለች። ስሌቱ የተሠራው በታመመው ሰው ብዛት ሳይሆን በከተማው ስም ነው። በዚያው ምዕራፍ፣ ታቦቷ ቤትሳሚስ ስትደርስ የሞቱት ስንት እንደሆኑ ሲነገር ደግሞ የዕብራይስጡ ጽሑፍ «ሰባ ሰው» እና «ሃምሳ ሺህ ሰው» የሚሉትን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ያስቀምጣል። የመጀመሪያው መቶ ዓመት የአይሁድ ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፉስ ሰባ ብቻ ብሎ አለፈው። ተርጓሚዎች ሁለቱን ቁጥሮች ለማስታረቅ እስከ ዛሬ ይደክማሉ።

ዛሬ አሽቀሎን የምንላት ያቺ የጠረፍ ከተማ በወረርሽኝ ዜና ታሪክ ውስጥ ደጋግማ ትነሣለች፤ ከግብፅ ወደ ሶርያ በሚወስደው መንገድ ላይ ስላለች በሽታውም ወሬውም ያልፍባታል። ከመጽሐፉ ዘመን እስከ ኮሮና ድረስ የተባለውን ስናይ አንድ ጉድለት ሳይለወጥ ይመጣል። የታመመው ወይም የሞተው ይቆጠራል፤ ከስንት ሰው፣ በማን ተቆጥሮ፣ ማን ተመርምሮ እንደሆነ ግን ይቀራል። በትምህርት ቤት ሒሳብ ቋንቋ ላዕሉ ይታተማል፣ ታህቱ ይጣላል። የእኔ ክርክር ይህ ጉድለት የሒሳብ ስህተት ብቻ እንዳልሆነ ነው። ታህቱ ሲጠፋ ባዶ ቦታው ባዶ ሆኖ አይቆይም፤ የአንድ አገር ወይም የአንድ ሕዝብ ስም ይገባበታል። አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ የገባው የኢትዮጵያ ስም ነው።

ጋዜጣ በሌለበት ዘመን የዜናው ሥራ የታሪክ ጸሐፊው ነበር። በ541 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ቸነፈሩ በግብፅ ጠረፍ በጴሉሲዮን ታየ። የቂሳርያው ተወላጅ ፕሮኮፒዮስ እንደጻፈው ከዚያ ለሁለት ተከፍሎ አንዱ ወደ እስክንድርያና ወደ ቀረው ግብፅ፣ ሌላው ወደ ፍልስጥኤም አመራ፤ በሁለተኛው ዓመትም ቁስጥንጥንያ ገባ። በዋና ከተማይቱ በሽታው አራት ወር ቆየ፣ ሦስቱ ወር እጅግ የበረታበት ነበር፣ የሟቹ ብዛት በቀን 5,000 ደረሰ፣ ቀጥሎም 10,000ና ከዚያ በላይ ሆነ ይላል። ማን እንደቆጠረ አይናገርም። ዝቅተኛውን ቁጥር ብቻ ይዘን በሦስቱ ወር ብናባዛው 450,000 ይመጣል፤ ከተማይቱ በጠቅላላው ግማሽ ሚሊዮን ሰው ገደማ እንደነበራት ነው የዘመናችን ተመራማሪዎች የሚገምቱት። ፕሮኮፒዮስ በየቀኑ ይህን ያህል ሞተ አላለም፤ የጻፈው የከፋውን ቀን ነው። አንባቢው ግን የከፋውን ቀን እንደ ዘወትሩ ቀን አድርጎ ይዞት ይሄዳል፤ ይህም ኮሮናን በቴሌቪዥን ለተከታተለ ሁሉ የታወቀ ነገር ነው።

ከእሱ ጎን ዮሐንስ ዘኤፌሶንን ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ይህ የሶርያ ጳጳስ ዜናውን የጻፈው በልቅሶና በንስሐ ጥሪ ነው፣ ስለዚህም ብዙዎች የማያስተማምን አድርገው ይቆጥሩታል። ቁጥር ላይ ሲደርስ ግን ከፕሮኮፒዮስ ይሻላል። በወደቦች፣ በመስቀለኛ መንገዶችና በከተማው በሮች ሰዎች ቆመው ሬሳ ይቆጥሩ እንደነበር፣ 230,000 ሲደርሱም መቁጠሩን እንደተዉት፣ ከዚያ ወዲህ የወጣው ሬሳ ሳይቆጠር እንደወጣ ይነግረናል። ቆጣሪዎቹ የት እንደቆሙ፣ መቼ እንዳቋረጡ፣ ከቁጥሩ ውጭ ምን እንደቀረ አወቅን ማለት ነው። ትክክል ቆጥረዋል አልልም። ስህተት ካለ ግን ስህተቱ የት ሊሆን እንደሚችል እንድንፈልግ መንገድ ትቶልናል። በ1,500 ዓመት ውስጥ ይህን ያህል ያላደረጉ የዜና ክፍሎች ብዙ ናቸው።

ያው ዮሐንስ ግን አሽቀሎንን ሲጠራ የሚጽፈው ሌላ ዓይነት ነገር ነው። በሽታው ከአገር ወደ አገር ሲሻገር ሰዎች በባሕር ላይ የነሐስ ጀልባዎች አዩ ይላል፤ በጀልባዎቹ ውስጥ ጭንቅላት የሌላቸው ጥቁር ሰዎች የነሐስ በትር ይዘው ተቀምጠዋል፤ ወደ ጋዛ፣ ወደ አሽቀሎንና ወደ ሌሎቹ የፍልስጥኤም ቦታዎች ሲያመሩ ታዩ፣ እነሱ እንደታዩም በሽታው በዚያ ጀመረ። ለቁስጥንጥንያ ቆጣሪ ነበረ፤ ለአሽቀሎን የነበረው ራእይ ብቻ ነው። ቆጠራ ያልደረሰበትን ቦታ ጥቁር እንግዳ ሞላው። ጥቂት ቆይቶ የጻፈው ኤዋግሪዮስ ደግሞ ጴሉሲዮንን ትቶ ቸነፈሩ ከኢትዮጵያ እንደተነሣ ይነገር እንደነበር፣ በእሱም ዘመን እንደሚነገር ይጽፋል። አዲስ ነገር አላመጣም። ከእሱ አንድ ሺህ ዓመት አስቀድሞ ቱሲዲደስ የአቴናን ቸነፈር ሲተርክ ከግብፅ በላይ ካለችው ኢትዮጵያ ጀመረ ይባላል ብሎ ነበር። በግሪኮቹ አፍ «ኢትዮጵያ» ማለት ከግብፅ ወዲያ ያለው የጥቁር ሰው አገር በሙሉ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ስሙ ለኛ አክሱም ብቻ የተሰጠ አልነበረም። ሁለቱም «ይባላል» ማለታቸው ግን መልካም ነው። ወሬ መሆኑን አልደበቁም።

አሽቀሎን በዚያ ዘመን ከጋዛ ጋር በወይን ጠጅ ንግድ የታወቀች ነበረች፤ የጋዛና የአሽቀሎን ጋን ባሕር ተሻግሮ ይሸጥ ነበር። ታዲያ ያ ቸነፈር አገሩን ምን ያህል ጎዳው? በቅርብ ዓመታት ተመራማሪዎች ከታሪክ ጸሐፊዎቹ ቁጥር ወጥተው ሌላ የሚቆጠር ነገር ፈለጉ። አንዳንዶቹ ዓመት የተቀረጸባቸውን የግሪክኛ የመቃብር ድንጋዮች ቆጠሩ፤ በጋዛና በኔጌብ በኩል በ541 የተጻፉት ከሌላው ጊዜ በዝተው ተገኙ። ሌሎች በኔጌብ የፈረሱ ከተሞች የቆሻሻ ክምር ውስጥ የተገኘ የወይን ፍሬ ከእህል ፍሬ ጋር እያነጻጸሩ ቆጠሩ፤ በ2020 ባወጡት ጥናት የወይኑ ድርሻ በስድስተኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ሲወርድ አሳዩ። ይህን ሥራ የምወደው ከእህሉ ጋር ስላነጻጸረ ነው። ወይኑ ብቻ ቢቆጠር ኖሮ የወይን ፍሬ ማነሱ ቆሻሻው በማነሱ ይሁን ወይኑ በመቅረቱ አይታወቅም ነበር። በሌላ በኩል በ2019 በኢየሩሳሌም የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው ሊ ሞርዴካይና ባልደረቦቹ ከግብፅ ፓፒረስ፣ ከሳንቲም፣ ከድንጋይ ጽሕፈትና ከአበባ ብናኝ የተሰበሰበውን ማስረጃ ተመልክተው ያ ቸነፈር እንደተባለው ዓለምን ያፈረሰ አልነበረም ብለው ተከራከሩ። ሌሎች ምሁራን አጥብቀው መለሱላቸው። ክርክሩ አልተዘጋም፤ የሚካሄደው ግን ከመስመሩ በታች ባለው ቁጥር ላይ ነው፤ የቆየልን ማስረጃ ከስንቱ የቆየ ነው በሚለው።

የ1348ቱ ታላቅ ሞት በአጭሩ ይታለፍ። በሐለብ በራሱ በዚያ ቸነፈር በ1349 የሞተው ባለቅኔ ኢብን አልዋርዲ የበሽታውን ጉዞ ከተማ በከተማ ሲዘረዝር ጋዛን መታ፣ አስቀላንን ክፉኛ አናወጠ ብሎ ጽፏል። አሽቀሎንን ግን ሳላሐዲን በ1191 አስፈርሷት፣ ባይባርስ ደግሞ በ1270 የቀረውን አውድሞ ወደቧን በድንጋይ አስደፍኖ ነበር። በዙሪያዋ መንደሮች ነበሩ፤ ከተማ የሚባል ግን ከሰባ ዓመት በላይ አልነበረም። ባለቅኔው የከተሞቹን ስም የደረደረው ዝርዝሩ እንዲሞላለት ይመስለኛል።

ዘመናዊቷ አሽቀሎን ከቤተ እስራኤል ታሪክ ጋር የተገናኘችው ከ1980ዎቹ ወዲህ ነው። በሱዳን በኩል በሙሴ ዘመቻ በ1984 እና በ1985 የገቡት፣ ቀጥሎም በሰሎሞን ዘመቻ በሜይ 1991 ከ14,000 በላይ ሆነው በአንድ ቀን ተኩል ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የተጓዙት ሰዎች በየመቀበያ ማዕከሉ ከቆዩ በኋላ በአሽቀሎን፣ በአሽዶድ፣ በቂርያት ማላኪ፣ በረሖቮትና በነታንያ ሰፈሩ። ዛሬ አሽቀሎን የኢትዮጵያ ተወላጆች በብዛት ከሚኖሩባቸው የእስራኤል ከተሞች አንዷ ናት። እነዚህ ሰዎች ከወረርሽኝ አኃዝ ጋር ፊት ለፊት የተገናኙት በጃንዋሪ 1996 ነበር። ማዓሪቭ የተባለው ዕለታዊ ጋዜጣ በዚያ ወር የደም ባንኩን የሚያስተዳድረው ማገን ዳቪድ አዶም ከኢትዮጵያ የመጡ ለጋሾችን ደም እየተቀበለ፣ ለጋሾቹ ሳያውቁ፣ ለዓመታት ሲጥል መቆየቱን አጋለጠ። ምክንያቱ የኤች አይ ቪ ስጋት ነበር። ጃንዋሪ 28 ቀን 10,000 የሚሆኑ ሰዎች ከየከተማው ኢየሩሳሌም መጥተው በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ተሰለፉ፤ ከፖሊስ ጋር ተጋጭተው ከሁለቱም ወገን በአሥር የሚቆጠሩ ቆሰሉ። መንግሥት በቀድሞው ፕሬዚዳንት በይስሐቅ ናቮን የሚመራ አጣሪ ኮሚቴ አቋቋመ።

ነውሩን ያጋለጠው ጋዜጣ መሆኑ አይካድም፤ የዜና ሰው ሥራውን ሲሠራ የሚገኘው ውጤት ይህ ነው። ወዲያው የተከተለው አኃዝ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የጤና ባለሥልጣናት አሠራሩን ሲከላከሉ ከኢትዮጵያ በመጡ ሰዎች ዘንድ ቫይረሱ ከሌላው እስራኤላዊ ሃምሳ እጥፍ ይበዛል አሉ፤ ቃሉ ከአገር ውስጥ ጋዜጣ ወደ ውጭ አገር ጋዜጣ ዞረ። «ሃምሳ እጥፍ» ለአርዕስት የተፈጠረ ቁጥር ነው፤ አጭር፣ ክብና አስደንጋጭ። ስንት ሰው እንደታመመ ግን አይነግርም። ለምሳሌ ያህል በአንዱ ወገን ከ100,000 ሰው አሥሩ፣ በሌላው አምስት መቶው ቢያዝ ሃምሳ እጥፍ ማለት እውነት ነው፤ በሁለተኛው ወገን 99,500 ሰው ጤነኛ መሆኑም እኩል እውነት ነው። ሁለቱ እውነቶች በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊጻፉ ይችሉ ነበር። በአውቶቡስ ከጎኑ የተቀመጠውን ሐበሻ የሚያይ ተሳፋሪ የሚያስፈልገው ሁለተኛው ነበር፤ የደረሰው ግን የመጀመሪያው ብቻ ነው።

የእጥፉ አሠራርም መመርመር ነበረበት። በ1991 ከኢትዮጵያ የገቡት ጎልማሶች ሲገቡ በጅምላ ተመርምረዋል። ሌላው ሕዝብ የሚመረመረው ደም ሲሰጥ ወይም በራሱ ፈቃድ ሲሄድ ነበር። በአንዱ ወገን ሁሉም ተፈልጎ የተገኘ፣ በሌላው ራሱ የመጣ ብቻ የተቆጠረበት ንጽጽር እውነተኛው ልዩነት ስንት እንደሆነ በትክክል ሊያሳይ አይችልም። ልዩነት አልነበረም አልልም፤ ነበረ። ሚዛኑ ግን በሁለቱም በኩል አንድ ዓይነት አልነበረም። ከዚህ የሚከፋው ሁለት የተለያዩ ስብስቦች በአንድ ቁጥር መጨፍለቃቸው ነው። በ1984 እና በ1985 የገቡት ከጎንደርና ከትግራይ ገጠር በእግር ወደ ሱዳን የወጡ ናቸው፤ በኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕመምተኞች በምርመራ የታወቁት በ1986 ነው። በ1991 የገቡት ብዙዎቹ ግን መውጫ ፈቃድ ሲጠብቁ አዲስ አበባ ውስጥ፣ በሽታው በከተማ በሚስፋፋበት ጊዜ፣ ከወገንና ከእርሻ ተነቅለው ወራት ያሳለፉ ናቸው። ለበሽታው ያጋለጣቸው የከተማ ኑሮና ጥበቃ ነበር። ቁጥሩ ግን በትውልድ አገር ስለተመደበ፣ በልጅነቱ ከጎንደር ገጠር የመጣው ወታደርም ትናንት የገባውም አንድ ስም ወጣላቸው። ፍልስጥኤማውያን እባጩን በከተማ እንደመደቡት ማለት ነው።

ለዚህ ክርክር ከባድ መቃወሚያ አለ፣ ቀለል አድርጌ ላልፈው አልፈልግም። የደም ባንክ የመጀመሪያ ግዴታው ደሙን ለሚቀበለው በሽተኛ ነው። በምርመራ ቀን ገና ያልታየ ቫይረስ ሊኖር ይችላል፤ አዲስ የተያዘ ሰው ለተወሰኑ ሳምንታት በምርመራ ንጹሕ ይመስላል። በዚህ ምክንያት ስርጭቱ ከፍ ካለበት ማኅበረሰብ ደም አለመውሰድ በብዙ አገር የተሠራበት ነው። አሜሪካ በ1980ዎቹ የሃይቲ ተወላጆችን ከልገሳ አግዳለች፤ በኤፕሪል 1990 በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሃይቲያውያን የብሩክሊን ድልድይን ተሻግረው ከተቃወሙ በኋላ ነው እገዳው በዚያው ዓመት የተነሣው። ጥንቃቄው መሠረት አለው። ሆኖም ይህ ምክንያት ራሱ የሚያስረዳው ሌላ ነገር ነው። አደጋው ያለው በቅርብ ሳምንታት በተያዘ ሰው ላይ ከሆነ፣ አሥራ ሁለት ዓመት በአሽቀሎን የኖረ ሰው ከጎረቤቱ በምን ይለያል? መጠየቅ ያለበት በቅርብ ጊዜ የት እንደነበረና ምን እንደገጠመው ነው። እሺ፣ ጥንቃቄው ይብዛ ቢባል እንኳ፣ ለጋሹን በግልጽ «ደምህን አንወስድም» ማለት ይቻል ነበር። ደሙን ተቀብሎ፣ አመስግኖ መጣል ከሕክምና የሚመጣ ትእዛዝ አይደለም። ይህን የመረጡት ሰዎች ቁጥሩን ለራሳቸው ይዘው፣ ቁጥሩ የሚመለከታቸውን ሰዎች ግን ሊነግሯቸው አልፈለጉም።

ሌላም መቃወሚያ ይነሣል፦ በማኅበረሰብ የተከፋፈለ አኃዝ ካልታተመ የተጎዳው ማኅበረሰብ እርዳታ አያገኝም። ይህ እውነት ነው። የቤተ እስራኤል የስኳር በሽታ ታሪክ ማስረጃ ነው። በኢትዮጵያ ገጠር ብዙም የማይታወቅ የነበረው ይህ በሽታ እስራኤል ከገቡ በኋላ በመካከላቸው ፈጥኖ ተስፋፋ፤ ይህም በመታወቁ ጤና ብሪኡት የተባለው ማኅበር በአማርኛ የሚያስተምሩ የጤና አገናኞችን አሰማራ። ልዩነቱን ተመልከቱ። የስኳሩ ቁጥር ሲነገር ምግቡ፣ እንቅስቃሴው፣ የኑሮው ለውጥ አብሮ ተነገረ፤ ስለዚህ ቁጥሩ ሰውየውን ወደ ሐኪም አመጣው። የኤች አይ ቪው ቁጥር ሲነገር ግን ደሙ ብቻ ተነገረ፤ ሰውየውንም ከምርመራ አሸሸው። በማኅበረሰብ መቁጠርን አልቃወምም። የምቃወመው የመጋለጡን ምክንያት አውጥቶ ዘሩን ብቻ የሚተው ቆጠራ ነው።

ነገሩ ከ1996 በኋላም አልሞተም። በዲሴምበር 2013 በክነሴት ግቢ ውስጥ በተዘጋጀ የደም ልገሳ ላይ የምክር ቤት አባሏ ፕኒና ታማኖ-ሻታ ደሟን ልትሰጥ ቀርባ አይወሰድም ተባለች። በሦስት ዓመቷ ከኢትዮጵያ የወጣች ናት፤ ደንቡ ግን ከ1977 ወዲህ በሽታው በበዛበት አገር የተወለደን ወይም ከአንድ ዓመት በላይ የኖረን በአንድ መደብ ያስገባ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ የሕፃንነት ኑሮ የዚያን ቀን የደም ጥራት መለኪያ ሆነ። ደንቡ የተለወጠው ከዚህ በኋላ ዓመታት አልፈው ነው። ታማኖ-ሻታ በ2020 በኢትዮጵያ የተወለደች የመጀመሪያዋ የእስራኤል ሚኒስትር ሆነች።

በዚያው ዓመት ኮሮና መጣ፤ ቆጠራውም የየሰዓቱ ዜና ሆነ። የእስራኤል መንግሥት ያወጣው «ራምዞር»፣ የትራፊክ መብራት እንደማለት፣ እያንዳንዱን ከተማ ከአረንጓዴ እስከ ቀይ ቀለም ይሰጠው ነበር። ቀመሩ በሳምንት ከ10,000 ነዋሪ ስንት አዲስ ሰው ተያዘ፣ ከተመረመረው ውስጥ በመቶ ስንቱ ተገኘበት፣ ጭማሪው ምን ያህል ፈጣን ነው የሚሉትን ሦስት ነገሮች አንድ ላይ ያጣምር ነበር፤ ድምሩ ከ4.5 በታች ሲሆን አረንጓዴ፣ 7.5 ሲደርስ ቀይ። እውነት ለመናገር ቀመሩ ታህቱን አልረሳም፤ ነዋሪውንም ተመርማሪውንም ይዟል፤ ይህ ከዮሐንስ ዘኤፌሶን ወዲህ ትልቅ እድገት ነው። ነገር ግን በዜና የሚነበበው ቀለሙ ብቻ ነበር። ከ140,000 በላይ ሕዝብ ባላት በአሽቀሎን፣ ባለ አትክልት ቪላ ሰፈርና አንድ ቤተሰብ ከነአያቱ በሦስት ክፍል የሚኖርበት የአሮጌ ሕንፃ ሰፈር በአንድ ቀለም ሲጠሩ፣ ቀለሙ ለማን እንደሚናገር አይታወቅም። ለአማርኛ አድማጭ ደግሞ ዜናው ረካ በተባለው የእስራኤል ሬዲዮ ጣቢያ ሲደርሰው ሦስቱ ነገሮች ወደ አንድ ቃል ተጠቅልለው ነበር።

የታህት መጥፋት ምን እንደሚያደርስ ግን ከሁሉ በላይ የሚያሳየው የኦገስት 2021 ታሪክ ነው። በዚያ ወር አጋማሽ በእስራኤል ሆስፒታሎች በጽኑ ከታመሙት 515 ሰዎች 301ዱ፣ ማለትም 58 ከመቶ፣ ሙሉ ክትባት የወሰዱ ነበሩ። ዜናው ዓለምን ዞረ፤ «ክትባቱ አይሠራም» ለሚሉ መሣሪያ ሆነ። ቁጥሩ ሐሰት አልነበረም። ለመከተብ ዕድሜያቸው ከደረሱት መካከል ግን ከአምስቱ አራቱ ገደማ ተከትበዋል፤ የተከተበው ሕዝብ ያን ያህል ሲበዛ ከበሽተኛውም ብዙውን መያዙ አይቀርም። የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲው የስታቲስቲክስ ሊቅ ጄፍሪ ሞሪስ ከራሱ ከጤና ሚኒስቴሩ መረጃ ታህቱን መልሶ ሲያስገባ ካልተከተቡት ከ100,000 ሰው 16.4፣ ከተከተቡት 5.3 በጽኑ ታመው ተገኙ። ከዚያም በዕድሜ ሲከፋፍለው ልዩነቱ ሰፋ፤ ከ50 ዓመት በላይ 91.9 ለ13.6፣ ከ50 በታች 3.9 ለ0.3። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በብዛት የተከተቡት ሽማግሌዎች ናቸው፣ በጽኑ የሚታመሙትም ሽማግሌዎች ናቸው። ያው ሆስፒታል፣ ያው ቀን፣ ያው በሽተኛ፤ ከመስመሩ በታች ያለው ሲለወጥ ፍርዱ ተገለበጠ።

ተራ አንባቢ ይህን ሁሉ አይከተልም፣ የዜና ደቂቃም አጭር ናት የሚል አዘጋጅ ይኖራል። አልቀበለውም። የእግር ኳስ ደጋፊ ቡድኑ ስንት ነጥብ እንዳለው ሲጠይቅ ስንት ጨዋታ እንደቀረው ሳይጠይቅ አያልፍም። እድርተኛም ከሣጥኑ የወጣው ገንዘብ በስንት አባል እንደሚካፈል ያውቃል። ሕዝቡ ማካፈል አላቃተውም፤ አካፋዩ አልተሰጠውም።

እኛም ከዚህ ነፃ አይደለንም። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በማርች 13 ቀን 2020 ሲገለጥ የተነገረው ጃፓናዊ መሆኑ ነበር፤ በአምስት ቀን ውስጥ በአዲስ አበባ የአሜሪካ ኤምባሲ በውጭ አገር ሰዎች ላይ ጥላቻ እየታየ ነው ብሎ ዜጎቹን አስጠነቀቀ። ከኢትዮጵያ መጣ ሲባል የኖረ ሕዝብ በተራው ከፈረንጅ መጣ አለ። የጤና ሚኒስቴሩ ዕለታዊ መግለጫ ግን ሊመሰገን ይገባዋል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ስንት የላቦራቶሪ ምርመራ እንደተደረገ በመጀመሪያው መስመር፣ ስንት ሰው እንደተገኘበት ከሥሩ ያወጣ ነበር። በኦገስት 2020 በአገር አቀፍ ዘመቻ ምርመራው በእጅጉ ሲጨምር የተያዘው ሰውም በቀን ከአንድ ሺህ አለፈ። መግለጫውን ሙሉውን ያነበበ ሁለቱ አብረው እንደወጡ ያያል። ብዙ ሬዲዮና የፌስቡክ ገጽ ግን ሁለተኛውን መስመር ብቻ ወስዶ «ወረርሽኙ ፈነዳ» አለ።

በአማርኛ ዜና ለምታቀርቡ፣ በአሽቀሎንም ሆነ በአዲስ አበባ፣ የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው፦ የተያዘውን ሰው ቁጥር ስትጽፉ የተመረመረውን በዚያው ዓረፍተ ነገር ጻፉ፤ የአንድን ማኅበረሰብ ቁጥር ስትጽፉ የት፣ መቼና በምን ምክንያት እንደተጋለጠ በዚያው አንቀጽ ጻፉ፤ ይህን ማግኘት ካልቻላችሁ ቁጥሩን እስክታገኙት አቆዩት። አንባቢም ይህ የጎደለበትን ዜና ሲያይ ለሌላው ከማስተላለፉ በፊት ወደ አዘጋጁ ደውሎ «ከስንት ሰው?» ብሎ ይጠይቅ።